ሲሲው እኩል ሆኖ ውድድሩ እኩል የማይሆነው ለምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አማተር የሞተር ሳይክል ውድድር ምድቦች ናቸው። ሲሲ ስንል ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲመላለስ የሚጠርገውን ቦታ መጠን ማለታችን ነው፤ የሚለካው በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ከመልሶቹ በፊት አንድ ነገር እናስቀድም፦ በውድድሩ ቦታ፣ በዚያው ቀን፣ በእጃችሁ ባለው መሣሪያ ልታረጋግጡት የማትችሉትን ደንብ አትጻፉ። የማይለካ ደንብ የሚጎዳው ደንብ አክባሪውን ብቻ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ክለባችን የ125 ሲሲ ውድድር ያካሂዳል። አንደኛ በወጣው ሞተር ላይ «125 አይደለም» የሚል ቅሬታ ቀረበ። ባለቤቱ ሰነዱንና ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያሳየ ይከራከራል። ሳይፈታ ማወቅ ይቻላል? ከተፈታስ እንዴት ይለካል?

መልስ፦ ሰነዱም ሆነ ቁጥሩ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረ ነው የሚናገሩት፤ ዛሬ ውስጡ ያለውን አያውቁም። መለካት ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሲሊንደሩ ዲያሜትርና የፒስተኑ ጉዞ (ከላይ ጫፍ እስከ ታች ጫፍ የሚሄደው ርቀት)። ስሌቱ ቀላል ነው። ዲያሜትሩን በራሱ ታባዙታላችሁ፤ ውጤቱን በ0.7854፣ ቀጥሎ በፒስተኑ ጉዞ፣ በመጨረሻም በሲሊንደሮቹ ብዛት ታባዛላችሁ። ልኬቱ በሚሊ ሜትር ከሆነ ለ1,000 ስታካፍሉት ሲሲው ይወጣል።

በብዙ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ላይ የሚገኘውን 56.5 በ49.5 ሚሊ ሜትር እንውሰድ። ውጤቱ 124.1 ሲሲ ነው። የዚሁ ዓይነት ሞተር በ62 ሚሊ ሜትር ሲሊንደርም ይሠራል፤ የፒስተኑ ጉዞ ያው 49.5 ነው፤ ሲሲው ግን 149.4 ይሆናል። ከውጭ ሁለቱን በዓይን መለየት በጣም አስቸጋሪ ነው። ካንዴላውን አውጥቶ በቀዳዳው ቀጭን ዘንግ በማስገባት የፒስተኑን ጉዞ መለካት የሚሞክሩ አሉ፤ ግን አያዋጣም። አንደኛ፣ በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች የካንዴላው ቀዳዳ ያዘመመ ስለሆነ ልኬቱ ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ እንዳያችሁት ጉዞው ሳይነካ ዲያሜትሩ ብቻ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ክርክሩን የሚቋጨው ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) መክፈት ነው።

ሞተሩ መጀመሪያ በደንብ ይቀዝቅዝ። የአሉሚኒየም ሲሊንደር በ80 ዲግሪ ላይ ሲለካ በ20 ዲግሪ ከሚለካው ይሰፋል፤ ቀዝቃዛው 249.6 ሲሲ የሆነ ሞተር ትኩሱን ከተለካ ከ250 ሊያልፍ ይችላል። ንጹሕ ተወዳዳሪ በችኮላ ከውጤት የሚሰረዘው እንዲህ ነው። ቴስታታው ሲነሣ ከሲሊንደሩ አፍ ላይ ጥላሸቱን ጥረጉ። ፒስተኑን ታች አውርዳችሁ ዲያሜትሩን የፒስተን ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) በማይደርስበት የላይኛው ጠርዝ ላይ ለኩ፤ ያ ቦታ አይበላም። አንድ ጊዜ በፒስተን ፒኑ (ፒስተኑን ከቢየላው ጋር በሚያያይዘው ዘንግ) አቅጣጫ፣ አንድ ጊዜ በተሻጋሪው ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ለፒስተኑ ጉዞ ከሲሊንደሩ አፍ እስከ ፒስተኑ አናት ያለውን ጥልቀት ላይ ጫፍና ታች ጫፍ ላይ ለክታችሁ ልዩነቱን ያዙ። የምትለኩበት ነጥብ በፒኑ መስመር ላይ ይሁን፤ ፒስተን ወደ ጎን ስለሚወላወል ከዚያ መስመር ውጪ የተወሰደ ልኬት ይዋሻል። ከሁለቱ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ዲያሜትሩ ነው፤ በስሌቱ ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ 0.05 ሚሊ ሜትር ስሕተት እንኳ በዚህ ሞተር ላይ 0.2 ሲሲ ያህል ያመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ከደንባችሁ እንዳይጎድል። ያረጀ ሲሊንደር ተሞርዶ ትልቅ ፒስተን ሲገባለት ሲሲው ይጨምራል። ከላይ ያለው ሞተር በ0.25 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ 125.2፣ በ0.5 ሲሰፋ 126.3፣ በ1 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ደግሞ 128.5 ይሆናል። ደንቡ «ከ125 አይበልጥም» ብቻ ካለ፣ አንድ ጊዜ የተጠገነ ሞተር ሁሉ ሕገ ወጥ ነው ማለት ነው። «የፋብሪካው የፒስተን ጉዞ ሳይነካ ዲያሜትሩ እስከ 1 ሚሊ ሜትር መስፋት ይችላል» ብላችሁ ጻፉት። ከሦስት በመቶ ተኩል ያህል የሲሲ ጭማሪ ይልቅ አዲስ ሲሊንደር ለመግዛት የሚገደድ ተወዳዳሪ ያሳስበናል።

የማስፈቻ ወጪውን ማን ይሸፍናል ለሚለው፦ ቅሬታ አቅራቢው የአዲስ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ) እና የሥራ ዋጋ አስቀድሞ ያስይዝ። ሞተሩ ሕጋዊ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ ለሞተሩ ባለቤት ይሰጥ፤ ካልሆነ ለአቅራቢው ይመለስ።

ጥያቄ፦ በሞቶክሮስ (አስፋልት በሌለው፣ ጉብታ በበዛበት ሜዳ የሚደረግ ውድድር) 125 ባለ ሁለት ምት ከ250 ባለ አራት ምት ጋር ይሰለፋል። እጥፍ ሲሲ መስጠት ፍትሐዊ ነው?

መልስ፦ መነሻው ትክክል ነበር። ባለ ሁለት ምት ሞተር አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ነዳጅ ያቃጥላል፤ ባለ አራት ምቱ በየሁለት ዙሩ። በወረቀት ላይ ሲታይ እጥፍ ሲሲ ሚዛኑን ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ዳግ ሄንሪ በያማሃ ባለ አራት ምት ዋይዜድኤም400ኤፍ የላስ ቬጋሱን ሱፐርክሮስ (በስታዲየም የሚደረግ ሞቶክሮስ) ሲያሸንፍ፣ ባለ አራት ምት ለሞቶክሮስ ይከብዳል የሚለው እምነት ፈረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ዋይዜድ400ኤፍ ለገበያ ቀረበ። የዓለም ሻምፒዮናውም ከ2004 ጀምሮ በኤምኤክስ2 ምድብ 125 ባለ ሁለት ምትን ከ250 ባለ አራት ምት ጋር አሰለፈ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ባለ አራት ምቱ በቀላል ፒስተን፣ በቲታኒየም ቫልቭና በነዳጅ መርጫ እየተሻሻለ ሄደ፤ ዙሩም ከፍ አለ። የ125ቱ ጉልበት የሚገኘው በጠባብ የዙር ክልል ውስጥ ነው፤ ተወዳዳሪው ማርሹን በደቂቃ ብዙ ጊዜ መቀያየር አለበት፤ ከጠባብ ኩርባ ሲወጣ አንድ ማርሽ ከሳተ አበቃ። የ250ው ጉልበት ግን ከታች ጀምሮ ይገኛል። ለአማተር ይህ ልዩነት ከፕሮፌሽናሉ የበለጠ ይጎዳል፤ ስሕተቱ ብዙ ነውና።

የእኛ ምክር፦ ተወዳዳሪ ከበቃችሁ ለ125 ባለ ሁለት ምት የራሱን ምድብ ስጡት። ካልበቃችሁ በ250 ባለ አራት ምት ምድብ እስከ 150 ሲሲ የሚደርስ ባለ ሁለት ምት ፍቀዱ። 250 ባለ ሁለት ምትን ግን በጀማሪዎች ምድብ አታስገቡት፤ ጉልበቱ የሚመጣው ድንገት ነው።

ጥያቄ፦ በአስፋልት ውድድር 650 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር አለኝ። 600 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደሮች ሁልጊዜ ይበልጡኛል። የእኔ ሲሲ እየበለጠ እንዴት?

መልስ፦ ጉልበት ከቶርክ (ከማዞር ኃይል) እና ከዙር ብዛት ይመጣል። ዙሩን የሚገድበው ደግሞ በአመዛኙ የፒስተኑ ፍጥነት ነው። ስሌቱን እንየው። በብዛት የሚታየው 600 ባለ አራት ሲሊንደር 67 በ42.5 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ 15,000 ዙር ሲሽከረከር አማካይ የፒስተን ፍጥነቱ በሰከንድ 21.25 ሜትር ነው። 81 በ62.6 ሚሊ ሜትር የሆነው 645 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ያንኑ ፍጥነት የሚደርሰው 10,200 ዙር ገደማ ላይ ነው። በ15,000 ዙር ቢሽከረከር 31 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል፤ ያን ያህል ፍጥነት አይችልም። ባለ አራቱ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ዙር አለው፤ ሰባት ተኩል በመቶ ያህል የሲሲ ብልጫ ያንን አይሸፍነውም።

ለዚህ ነው ትልልቆቹ ውድድሮች ሲሲን በሲሊንደር ብዛት የሚመድቡት። በሱፐርስፖርት (የመካከለኛ ሲሲ የአስፋልት ውድድር) ለረጅም ጊዜ ሚዛኑ 600 ባለ አራት፣ 675 ባለ ሦስት፣ 750 ባለ ሁለት ነበር። የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀመር 750 ባለ አራት ሲሊንደርን ከ1,000 ባለ ሁለት ጋር አሰለፈ፤ በ2003 ለሁሉም 1,000 ሆነ፤ በ2008 ለባለ ሁለት ሲሊንደሮች 1,200 ተፈቀደ፣ ከአየር ማጥበቢያ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚቀንስ ቀለበት) ጋር። ከፍተኛው የዓለም የአስፋልት ውድድር ሞቶጂፒ ከ2012 ጀምሮ የሲሊንደሩን ዲያሜትር በ81 ሚሊ ሜትር የወሰነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዲያሜትሩ ሲወሰን ጉዞው ማጠር አይችልም፣ ዙሩም በራሱ ይገደባል። አዘጋጆቻችሁን ለ650 ባለ ሁለት ሲሊንደር የተለየ ምድብ ጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ ሲሲን ትተን በፈረስ ጉልበት ብንከፋፍልስ? በዳይኖ (የሞተርን ጉልበት በሚለካ መሣሪያ) ለክቶ መጨረስ አይሻልም?

መልስ፦ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው፤ በጥንቃቄ ከተሠራም ይሠራል። ግን ዳይኖ እንደ ሜትር አይደለም። ሁለት ዳይኖዎች አንድን ሞተር ለክተው የተለያየ ቁጥር ያወጣሉ። የጎማው ንፋስ፣ የማሰሪያው ውጥረት፣ የሞተሩ ሙቀት፣ የተለካበት ማርሽ ሁሉ ቁጥሩን ያንቀሳቅሱታል። ለአየር ሙቀትና ግፊት የሚደረገው ማስተካከያም አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአሮጌውና በአዲሱ የማስተካከያ ስሌት መካከል ብቻ እስከ 4 በመቶ የሚደርስ ልዩነት አለ። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ዳይኖ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማስተካከያ፣ በአንድ የጎማ ንፋስ ይለካ፤ ከገደቡ በላይ 2 በመቶ መቻቻያ በደንቡ ይጻፍ።

ዋናው ማጭበርበሪያ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። በአንድ ቁልፍ የሚቀያየሩ ሁለት ፕሮግራሞች ያሉት ሞተር ዳይኖ ላይ ለማዳ ሆኖ ሜዳ ላይ ይከንፋል። መለካት ያለበት ከውድድሩ በኋላ ነው። ሞተር ሳይክሎቹ ከመጨረሻው መስመር በቀጥታ ወደ ተጠበቀ ቦታ ይግቡ፤ ባለቤቱ ቁልፍም ሆነ ሽቦ አይንካ፤ በመሪው ላይ ያለ ማብሪያ ሁሉ በየቦታው ተሞክሮ ይለካ።

የጉልበት ገደብ ብቻውን ሌላ ቀዳዳም ይተዋል። 60 የፈረስ ጉልበት ላይ የታነቀ 1,000 ሲሲና በሙሉ አቅሙ 60 የሚሰጥ ትንሽ ሞተር ጫፋቸው እኩል ነው፤ ትልቁ ግን ከታች ጀምሮ ብዙ ቶርክ ስላለው ከኩርባ ሲወጣ ጥሎት ይሄዳል። የዳይኖውን መስመር በሙሉ እዩ እንጂ ጫፉን ብቻ አትዩ፤ ከጉልበቱ ገደብ ጎንም የሲሲ ጣሪያ አስቀምጡ።

የአየር ማጥበቢያ ቀለበትም አማራጭ ነው፤ ለመቆጣጠርም ከዳይኖ ይቀልላል። ቀዳዳውን ከ28 ወደ 26 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ስፋቱን 14 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። የሚያንቀው ግን በከፍተኛ ዙር ነው፤ ከታች ብዙም አይሰማም። ለፍተሻው ሁለት ልክ የሆኑ ብረቶች ይበቃሉ፦ የተፈቀደው መጠን የሚገባ፣ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው የማይገባ። ከዚያ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ የአየር መግቢያውን ድፈኑት። ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ በቀለበቱ ሳያልፍ የሚገባ አየር አለ።

ጥያቄ፦ ክብደቴ 85 ኪሎ ነው፤ ተፎካካሪዬ 58። በትንሽ ሞተር ምድብ ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ ሞተር ሳይክሉ 120 ኪሎ ከሆነ እርስዎ 205፣ እሱ 178 ኪሎ ይዛችሁ ትነሣላችሁ። 15 በመቶ ልዩነት ነው፤ ያንን ያህል ሲሲ ለማንም አይሰጡም። በዓለም ሻምፒዮናው ትንሹ ምድብ ሞቶ3 ተወዳዳሪውንና ሞተር ሳይክሉን አንድ ላይ መዝኖ 152 ኪሎ ዝቅተኛ ወሰን ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ክለባችሁም ከውድድሩ በኋላ ተወዳዳሪውን ከነሄልሜቱና ከነቦቱ፣ ሞተር ሳይክሉን በቀረው ነዳጅ መመዘን ይችላል። ወሰኑ 190 ቢሆን ተፎካካሪዎ 12 ኪሎ ይጨምራል፤ ሙሉ በሙሉ አያስተካክልም፣ ግን ይጠጋል። የሚጨመረው እርሳስ በፕላስተር አይታሰር። በሻሲው ላይ ቢያንስ በሁለት ብሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በማይፈታ ዳዶ ይጠበቅ፤ በአደጋ ጊዜ የሚበር እርሳስ ሰው ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከ65 ሲሲ ወደ 85 መሸጋገር ይፈልጋል። በዕድሜ ወይስ በሲሲ ይመደብ?

መልስ፦ በሁለቱም፤ ቁመቱም ይታይ። 85 ሲሲ በሁለት የጎማ መጠን ይመጣል፦ ከፊት 17 ከኋላ 14 ኢንች፣ ወይም ከፊት 19 ከኋላ 16። ትልቁ ጎማ ጉድጓድ ላይ ይረጋጋል፤ መቀመጫው ግን ከፍ ይላል። ተቀምጦ የሁለቱም እግሮቹ ፊት መሬት ካልነካ ለትልቁ አልደረሰም። ሁለቱን በአንድ ውድድር ማሰለፍ ለትንሹ ልጅ ከባድ ነው፤ ቢያንስ ሽልማታቸው ይለይ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ለማስደሰት ስምንት ምድብ ከፈትን፤ አሁን በየምድቡ አራትና አምስት ሰው ነው የሚሰለፈው። የትኛውን እንዝጋ?

መልስ፦ ምንም ሳትዘጉ ሜዳ ላይ አዋህዷቸው። ፍጥነታቸው የሚቀራረቡ ሁለት ምድቦች በአንድ ውድድር ይነሡ፤ ነጥባቸውና ሽልማታቸው ግን ለየብቻ ይሁን። ለማዋሃድ ሲሲን ሳይሆን የዙር ሰዓትን (ሜዳውን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጀውን ጊዜ) እዩ፤ በልምምድ የተመዘገበው የሁለቱ ምድብ አማካይ ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቀ አታዋህዱ፤ ፈጣኑ ዘገምተኛውን በኩርባ ውስጥ በድንገት ሲደርስበት አደጋው ይበዛል። ፈጣኑ ምድብ ይቅደም፤ ሁለተኛው ከ30 ሰከንድ በኋላ በራሱ ባንዲራ ይነሣ። የቁጥር ሰሌዳቸውም ቀለሙ ይለያይ፣ ከኋላ የሚመጣው ማንን እየደረሰበት እንደሆነ ከሩቅ እንዲያውቅ።