ዲኤንኤና አርኤንኤን ለምትሸመድዱ ልጆች

ውድ ልጆች፣

የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ፈተና ሲቃረብ የብሎካችን ደረጃ ላይ ተኮልኩላችሁ ስታነቡ እሰማችኋለሁ። «ዲኤንኤ ድርብ ነው፣ አርኤንኤ ነጠላ ነው። ዲኤንኤ ታይሚን አለው፣ አርኤንኤ ዩራሲል አለው።» ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩና ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም። አንዳንዶቻችሁም «እትዬ፣ ይሄ ነገር ግን ምን ያደርግልናል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ደረጃ ላይ ቆሞ የሚመለስ ስላልሆነ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

ምክሬ አንድ ነው። ዲኤንኤንና አርኤንኤን የሚያወዳድረውን ሠንጠረዥ አትጣሉት፤ ግን በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ለምን?» በሉ። ምክንያቱን የያዘ ልጅ ሠንጠረዡ ቢጠፋበት ራሱ መልሶ ይሠራዋል። ሸምዳጁ ግን የፈተናው ክፍል በር ላይ ጥሎት ይወጣል።

ዕቃው ምን እንደሆነ ቶሎ ብዬ ልለፈው። ኑክሊክ አሲድ (የዲኤንኤና የአርኤንኤ የጋራ ስም ነው) ረጅም ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ስኳር፣ ፎስፌትና ቤዝ አለው። ስኳሩና ፎስፌቱ እየተያያዙ ጀርባውን ይሠራሉ፤ መልእክቱ ያለው በቤዞቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው። በዲኤንኤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን ናቸው። በአርኤንኤ ታይሚን ወጥቶ ዩራሲል ይገባል። ይሄን ያህል መሸምደድ ማንንም አይጎዳም።

ኑክሊክ አሲድን መጀመሪያ ያገኘው ሰው ፍሪድሪክ ሚሸር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነው። የሱን ታሪክ እወደዋለሁ፤ የላብራቶሪ ሰው ታሪክ ነው። በ1869 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ቱቢንገን በምትባል የጀርመን ከተማ፣ ሆስፒታል የጣለውን መግል የነካው ፋሻ እየሰበሰበ ያጥብ ነበር። መግል ነጭ የደም ህዋስ የሞላበት ነገር ነው። ከህዋሳቱ ኒውክለስ (የህዋሱ አስኳል) ውስጥ ፕሮቲን ያልሆነ፣ ፎስፈረስ የበዛበት ነገር አወጣ። ሳይንቲስቶቹ ግን ለብዙ ዓመታት ናቁት። ዘርን የሚያስተላልፈው ፕሮቲን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ፕሮቲን 20 ዓይነት አሚኖ አሲድ አለው፤ አራት ፊደል፣ ማለትም አራት ቤዝ ብቻ ያለው ነገር ምን ሊናገር ይችላል? በ1944 ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ በሳንባ ምች ባክቴሪያ ላይ ሠርተው፣ ባሕርይን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ዲኤንኤ መሆኑን አሳዩ።

ዋትሰንና ክሪክ በ1953 የዲኤንኤን ድርብ ጥምዝ ቅርጽ እንዴት እንዳወጡ መጽሐፋችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ለሴቶቹ ልጆቼ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዲኤንኤ ጥምዝ ቅርጽ እንዳለው አጉልቶ ያሳየው የኤክስሬይ ፎቶ በ1952 የተነሳው በሮዛሊንድ ፍራንክሊን የምርምር ቡድን ውስጥ ነው። ፎቶው እሷ ሳታውቅ ለዋትሰን ታየ። እሷ በ1958 በ37 ዓመቷ በካንሰር ሞተች፤ ኖቤሉ በ1962 ለሦስት ወንዶች ተሰጠ። ኖቤል ለሞተ ሰው እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ቢሆንም ስሟን ሳታውቁ እንዳታልፉ።

አሁን ወደ «ለምን» እንግባ። ስኳሩ ለምን ይለያያል? የአርኤንኤው ስኳር ከዲኤንኤው የሚበልጠው በአንድ ኦክስጅን ነው። አንድ ኦክስጅን ብቻ! ግን ያቺው ኦክስጅን አጠገቧ ያለውን መጋጠሚያ ማጥቃት ትችላለች፤ ሰንሰለቱም ይበጠሳል። ስለዚህ አርኤንኤ ቶሎ ይበላሻል፣ ዲኤንኤ ይቆያል። ይሄ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። እዚህ ሰፈር ቤት ያለው ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፦ የቤቱ ካርታ ኦሪጅናሉ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ወረዳ የሚሄደው ፎቶ ኮፒው ነው። ዲኤንኤም ኒውክለስ ውስጥ ይቀመጣል። ህዋሱ የፈለገውን ቁራጭ ብቻ ወደ አርኤንኤ ገልብጦ ወደ ውጭ ይልካል። ብዙዎቹ ኮፒዎች በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይፈርሳሉ። ባይፈርሱ ኖሮ ህዋሱ ትናንት ያዘዘውን ፕሮቲን ዛሬም ሲሠራ ይውል ነበር።

ዲኤንኤ ምን ያህል እንደሚቆይ ማየት ከፈለጋችሁ ከአገራችን አትውጡ። በጋሞ ደጋ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። እዚያ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ተገኝቶ፣ ከጆሮ አጠገብ ካለው ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት ዲኤንኤ ተወሰደ። ሙሉ ጂኖሙ (የዲኤንኤው ጽሑፍ በሙሉ) በ2015 ተነቦ ታተመ። ከአፍሪካ በዚህ መልክ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ጂኖም ነው። የዋሻው ቅዝቃዜ ረድቷል።

ታይሚንስ ለምን አስፈለገ? ይሄን የሚጠይቅ ተማሪ ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጊዜ አላገኝም። ሳይቶሲን ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ወደ ዩራሲል ይለወጣል። በእያንዳንዱ ህዋሳችን ውስጥ ይሄ በየቀኑ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ዲኤንኤ ራሱ በዩራሲል የሚጻፍ ቢሆን ኖሮ፣ ጠጋኙ ኢንዛይም ደህናውን ዩራሲል ከተበላሸው ሳይቶሲን መለየት አይችልም ነበር። የዲኤንኤ ፊደል ታይሚን ስለሆነ ግን፣ ዩራሲል ካየ ብልሽት መሆኑን ያውቃል። ነቅሎ ይጥለዋል፤ በቦታው ሳይቶሲን ይተካል። አርኤንኤ ለጊዜው ብቻ ስለሆነ ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልገውም።

ድርብ መሆኑም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አዴኒን ከታይሚን፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ይጣመራል። አንደኛው ገመድ ቢጎዳ መልሱ ሁለተኛው ላይ አለ። ህዋስ ሊከፈል ሲልም ሁለቱ ገመዶች ይለያያሉ፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ጥንድ ይሠራለታል። አርኤንኤ ደግሞ ነጠላ በመሆኑ በራሱ ላይ ይታጠፋል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ ሥራ ይሠራል። አሚኖ አሲዶችን እየተሸከመ የሚያመጣው አርኤንኤ ነው። ራይቦዞም በሚባለው የህዋሱ ፕሮቲን መሥሪያ ውስጥ አሚኖ አሲዶቹን አንዱን ከሌላው የሚያጋጥመውም አርኤንኤ ነው እንጂ ፕሮቲን አይደለም። ስለዚህ «አርኤንኤ መልእክተኛ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ግማሽ እውነት ነው።

ፊደሎቹ ሲነበቡ ሦስት ሦስት ሆነው ነው። 64 ጥምረት ይወጣል፤ 61ዱ ለ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ነው፣ ሦስቱ «አቁም» ይላሉ። አንድ ፊደል ስትቀየር ምን እንደሚሆን ለማየት ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ ተመልከቱ። ከ3 ቢሊዮን በላይ ፊደል ውስጥ፣ ሄሞግሎቢን በሚሠራው ጂን ላይ አንዷ አዴኒን በታይሚን ትተካለች። በዚህ የተነሳ ግሉታሚክ አሲድ የነበረው ቦታ ላይ ቫሊን ይገባል። ይሄን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ልጅ ቀይ የደም ህዋሱ እንደ ማጭድ ይቆለመማል።

«ምን ያደርግልናል?» ወዳላችሁት ልምጣ። ኤችአይቪ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን አለ እንበል። የተለመደው የጣት ምርመራ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ነው። ሕፃኑ ደግሞ የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ይወለዳል፤ እስከ 18 ወር ሊቆይበት ይችላል። ምርመራው ፖዘቲቭ ቢል የእናት ይሁን የልጁ አይታወቅም። ታዲያ እናትየዋ 18 ወር ትጠብቅ? ቫይረሱ ይዟቸው ሕክምና ካላገኙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። እዚህ ላይ የሚፈለገው ኑክሊክ አሲድ ነው። ኤችአይቪ የአርኤንኤ ቫይረስ ነው፤ ሰው ውስጥ ሲገባ ግን ራሱን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ ነጭ የደም ህዋሳችን ዲኤንኤ ውስጥ ይሰገሰጋል። በስድስተኛው ሳምንት ከሕፃኑ ተረከዝ ጥቂት ጠብታ ደም ወረቀት ላይ ይወሰዳል። ይደርቃል፣ ይታሸጋል፣ ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ ይላካል። ያለ ፍሪጅ! ከዚያ ፒሲአር የሚባለው ዘዴ ሥራውን ይጀምራል። ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ሁለቱ ገመዶች ይለያያሉ፤ ሲበርድ ይገለበጣሉ፤ እንደገና ይሞቃል። በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን 30 ዙር ሲሞላ አንዱ ቅጂ ወደ ቢሊዮን ይጠጋል። ያኔ ቫይረሱ ካለ መደበቂያ የለውም። የእናትየዋን ፊት ካያችሁ በኋላ «ዲኤንኤ አሰልቺ ነው» አትሉም።

የእናትየዋ የራሷ ምርመራ፣ ቫይራል ሎድ (በደሟ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) የሚባለው፣ አርኤንኤ ነው የሚለካው። ስለዚህ የደሙ ፈሳሽ ከህዋሳቱ በሰዓቱ ካልተለየና በቅዝቃዜ ካልተያዘ ቁጥሩ ሊዋሽ ይችላል። ተለማማጅ ተማሪዎች ጓንት የምናደርገው ራሳችንን ለመጠበቅ ብቻ ይመስላቸዋል። ቆዳችን ላይ ግን አርኤንኤን የሚበጣጥስ ኢንዛይም አለ፤ ጓንቱ ናሙናውንም ከእኛ ይጠብቃል። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ይሄን የሚያውቁ ልጆች ቀንና ሌሊት ሲሠሩ ነበር።

«የሕክምና ትምህርት ካልደረሰኝ አበቃልኝ» የምትሉትንም ተዉት። ከኮንዶሚኒየሙ ወጣ ስትሉ የሚታየው የጤፍ ማሳ (ሕንፃ ያልበላው ማለቴ ነው) ራሱ የዚህ ትምህርት ክፍል ነው። ጤፍ 40 ክሮሞዞም አለው፤ የሁለት የተለያዩ እፅዋት ዘር ባንድ ላይ ይዟል። የጂኖሙ የመጀመሪያ ረቂቅ የታተመው በ2014 ነው። ከዚህ በፈጣን መንገዱ ብዙም ሳትርቁ ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ቁንጮ የሚባለው ዝርያ በ2006 የወጣው ከዚያ ነው፤ ሁለት ዝርያዎችን በማዳቀል። የሚጋሽበው የጤፍ አገዳ እስካሁን ሁነኛ መፍትሔ አላገኘም። ሥራ ሞልቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ የምታነቡትን ነገር በዓይናችሁ እዩት። ግማሽ ሽንኩርት በሙቀጫ ውቀጡ። በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ትንሽ ማንኪያ ጨውና አንድ ማንኪያ ፈሳሽ የሳህን ሳሙና ጨምሩ፤ አረፋ ሳታስነሱ ከሽንኩርቱ ጋር አዋህዱት። አሥር ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት። (አረቄ አትሞክሩ፤ ጥንካሬው አይበቃም፣ እናቶቻችሁም ይጣሉኛል።) ከምድጃ አርቁት። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ክር መሳይ ነገር ይወጣል። ሳሙናው ቅባታማውን የህዋስ ሽፋን ይበትናል፤ ጨውና አልኮሉ ተባብረው ዲኤንኤው ውሃ ውስጥ እንዳይሟሟ ያደርጉታል። የሚወጣው ነገር ግን ንጹሕ ዲኤንኤ አይደለም፤ አርኤንኤና ፕሮቲንም ይቀላቀሉበታል። አርኤንኤውን ብቻ ለማጥፋት ምን እንደምትጨምሩበት አስባችሁ ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ።