እረፍት አልጠየቅኩም

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 56 ነው። 19ኙን ዓመት ያሳለፍኩት አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ትልቅ ሱቅ ነው፤ ልብስም የቤት ዕቃም ይሸጣል። ስገባ ዋጋ በእጃችን እየጻፍን የምንለጥፍበት ጊዜ ነበር። ካሸር ሆኛለሁ፣ ዕቃ ክፍል ሠርቻለሁ፣ አሁን የሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። ሂሳብ ጎድሎብኝ አያውቅም ብል ውሸት ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ጎድሎብኝ ከደመወዜ ከፍያለሁ። ከዚያ ውጪ ማስጠንቀቂያ የሚባል ደርሶኝ አያውቅም።

ከስምንት ወር በፊት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ባለጌ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። «ማዘር» ነው የሚለኝ። «ማዘር፣ አይድከሙ።» «ማዘር፣ እሱን ለልጆቹ ይተዉላቸው።» «ማዘር፣ ቁጭ ይበሉ እንጂ።» መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። እግዜር ይስጥህ ልጄ እለው ነበር። ጉልበቴን ያመኛል፣ አልዋሽዎትም።

ከዚያ የሺፍት ሰሌዳ ሲለጠፍ ስድስት ቀን የነበርኩት ሴትዮ አራት ቀን ሆኜ ተገኘሁ። «ትንሽ ይረፉ ብዬ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ሦስት ቀን ሆነ። ቅዳሜና እሁዱን፣ የማታውን ሰዓት፣ ሰው የሚበዛበትንና ኮሚሽን የሚገኝበትን ሁሉ ለወጣቶቹ ሰጠ። እኔ ሰኞ ጠዋት ባዶ ሱቅ ውስጥ ቆሜ እውላለሁ፤ ወር ሲሞላ «ሽያጭዎ ቀንሷል» እባላለሁ። አዲሱ የክፍያ ሲስተም ሲገባም የሁለት ቀን ሥልጠና ነበር። ስሜ አልነበረበትም። ብጠይቀው «ምን አስጨነቀዎት ማዘር፣ ይሄ የልጆች ነገር ነው» አለኝ። አሁን ደግሞ ሲስተሙን ስለማላውቅ ካሸር ላይ አልመደብም።

ባለፈው ወር ሱቁን ልከፍት ስሄድ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። «የሽያጭ ሠራተኛ፤ ዕድሜ ከ30 ያልበለጠ፣ ቀልጣፋ፣ ማራኪ ገጽታ ያላት» ይላል። ቁልፉን እንደያዝኩ ቆሜ አነበብኩት። የተቀጠሩትን ሁለት ልጆች ያሠለጠንኩት እኔው ነኝ። አንዷ በኋላ መጋዘን ውስጥ እያለቀሰች «ሱቁ ወጣት ፊት ነው የሚያስፈልገው ብሎናል፤ እርስዎን ሊያስወጡ ነው» አለችኝ።

የሰበረኝ ግን ሌላ ነው። ከእኔ በቀር ማንም እንዲያስተናግዳት የማትፈልግ የረጅም ጊዜ ደንበኛ አለችኝ። ሐሙስ ቀን መጥታ ስትጠይቅ «አርፈዋል» አሏት። ልጆቹ ዛሬ የእኔ የሥራ ቀን አይደለም ማለታቸው ነው። እሷ የሞትኩ መስሏት እየተንቀጠቀጠች ስልኬ ላይ ደወለች። ድምፄን ስትሰማ ጮኸች። ስልኩን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ።

አሁን ሥራ አስኪያጁ «በክብር እንሸኝዎታለን፤ እርስዎ መልቀቂያ ብቻ ይጻፉ» እያለኝ ነው። ልጄ «እማዬ ተዪው፣ ይቅርብሽ» ትላለች። ባለቤቴ ካለፈ ወዲህ ግን ቤቱ የሚተዳደረው በዚህች ደመወዝ ነው። ሌላ ቦታ ብሞክር ፀጉሬን ቀለም ተቀብቼ፣ ዕድሜዬን 48 ብዬ ልጻፍ? ወይስ እውነትም ጊዜዬ አልፏል? የያዘኝ እልህ ይሁን መብት መለየት አቃተኝ።

ቁልፍ ያዥዋ ነኝ

*

ውድ ቁልፍ ያዥዋ፣

ከሁሉ በፊት መልቀቂያውን አይጻፉ። ነገ «ለፎርማሊቲ ነው» ቢሉዎትም አይጻፉ። በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት ላይ ከፈረሙ በኋላ ተገፍቼ ነው ብሎ ማስረዳት በጣም ይከብዳል። በፈቃዱ የለቀቀና የተሰናበተ ሰው የሚያገኙት ክፍያም በብዙ ቦታ አንድ አይደለም። ሊያሰናብቱዎት ከፈለጉ ምክንያቱን እነሱ ይጻፉት። ለእነሱ ምክንያት የማዘጋጀት ግዴታ የለብዎትም።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ እልህ አላየሁበትም።

ባለጌ ቢሆን ይቀለኝ ነበር ያሉት ውስጤ ቀርቷል። ስድብን የሰማ ሰው ይመሰክራል። «አይድከሙ» በተባለ ሰው ላይ በደል ደረሰ ብሎ ማን ይመሰክራል? የዕድሜ መድልዎ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው «አንቺ አሮጊት፣ ውጪ» የሚል አለቃ ነው። በሽያጭ ሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ በትህትና ነው የሚመጣው። ሱዛን ፊስክ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ሰዎች አረጋውያንን የሚያዩአቸው እንደ ደግ፣ ነገር ግን እንደማይችሉ አድርገው ነው። ስሜቱ ጥላቻ አይደለም፤ አዘኔታ ነው። የታዘነለት ሰው ደግሞ ይወደዳል እንጂ ኃላፊነት አይሰጠውም።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ «ማዘር» የሚልዎት ከልቡ ሊሆን ይችላል። ይህን አልክድም። ግን የሚያከብር ሰው አስቀድሞ ይጠይቃል። «ማረፍ ይፈልጋሉ ወይስ መሥራት?» ብሎ የጠየቀዎት የለም። ያልጠየቁትን እረፍት ሰጥቶ የሥራ ቀንዎን ግማሽ መውሰድ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ አክብሮት ልለው አልችልም። ደንበኛዎ «አርፈዋል» ሲሏት የደነገጠችው ድንጋጤ እኔንም አግኝቶኛል።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ የሽያጩ ነገር ነው። አስተውለው ከሆነ ሰውየው ውጤቱን ራሱ ፈጥሮ መልሶ ማስረጃ እያደረገብዎት ነው። ሰው የማይገባበትን ሰዓት ሰጥቶ ሽያጭዎ ቀነሰ ይላል። ሥልጠና ከልክሎ ሲስተም አይችሉም ይላል። ሰኞ ጠዋትና ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሱቅ አይደሉም፤ ይህን ሱቅ ውስጥ አንድ ወር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የወር ድምሩን ትተው ሽያጭዎን በሠሩበት ሰዓት ያካፍሉት። ከዚያ በዚያው ሰኞ ጠዋት ሌላ ሰው ሲመደብ ስንት እንደሸጠ ይጠይቁ። ንጽጽር ማለት እሱ ነው። ቁጥሩ ለእርስዎ ቢያደላ አልገረምም። ባያደላም ይወቁት፤ ከሌላ ሰው አፍ ከመስማት ይሻላል።

ጊዜዬ አልፏል ወይ ላሉት አንድ የሆነ ታሪክ ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ አገር፣ ማክልስፊልድ በምትባል ከተማ፣ ቢ ኤንድ ኪው የተባለ የቤት ጥገናና የግንባታ ዕቃ ሻጭ ድርጅት አንድ ቅርንጫፍ ከፈተ። ሠራተኞቹ በሙሉ ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ነበሩ። ዕቃው ከባድ ነው፣ መደርደሪያው ረጅም ነው፤ አይችሉትም ያለ ሰው አይጠፋም። በኋላ ከሌሎች ቅርንጫፎች ጋር ሲነጻጸር ትርፉ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከሥራ መቅረት በ39 በመቶ ያነሰ ነበር። የዕቃ መጥፋትና መጉደል በ58 በመቶ ቀንሷል። ሥራ የሚለቀው ሰው ደግሞ ከሌላው ቦታ ስድስት ጊዜ ያነሰ ሆነ። ሱቅ ለሚያስተዳድር ሰው እነዚህ ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ቆጠራ ላይ ያደሩበት ሌሊት አለና።

ቶማስ ንግና ዳንኤል ፌልድማን የተባሉ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መርምረዋል። ዕድሜ ከዋናው የሥራ ብቃት ጋር ይህ ነው የሚባል ግንኙነት የለውም። በዕድሜ የገፉት ያረፍዳሉ፣ ይቀራሉ የሚባለውም ተገላብጦ ነው የተገኘው። አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። ሥልጠና ላይ የሚያሳዩት ውጤት በመጠኑ ዝቅ ይላል። መፍትሔው ታዲያ ከሁለት ቀን ይልቅ ሦስት ቀን ማሠልጠን ነው። ጭራሽ አለማሠልጠን ከየት መጣ?

ሲስተሙን ግን ይማሩት። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምለው። በደል ደርሶብኛል ብለው ሲስተሙን ቢተዉት በሩን ከውስጥ የዘጉት እርስዎ ይሆናሉ። ያሠለጠኗቸው ልጆች አሉ፤ ያቺ ያለቀሰችው ልጅ ሱቁ ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ብታሳይዎት ደስ ይላታል። ዕቃ መመለስን፣ ቅናሽ ማስገባትን፣ የተሳሳተ ሂሳብ መሰረዝን አስቀድመው ይያዙ። ካሸር ላይ ሰው የሚጨናነቀው እነሱ ላይ ነው። ጉልበትዎን በተመለከተ ደግሞ ካሸር ላይ ወንበር መጠየቅ የዕድሜ ጉዳይ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መቆም የ25 ዓመቱንም ልጅ ያመዋል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ያጸደቀው ስለ ሥራ መድልዎ የሚናገረው ስምምነት ቁጥር 111፣ ዘር፣ ጾታ፣ ሃይማኖት እያለ ሲዘረዝር ዕድሜን በስም አልጠራም። ስለ አረጋውያን ሠራተኞች ራሱን የቻለ የውሳኔ ሐሳብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣችው ሕግ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ትጠብቃለች። የአውሮፓ ኅብረት ዕድሜን በሥራ መድልዎ መመሪያው ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ዕድሜ በስም ባልተጠቀሰበት አገር ደግሞ «ወይም በሌላ ማናቸውም ምክንያት» የምትል ሐረግ ሕጉ ውስጥ መኖሯን ይፈልጉ። ትንሽ ብትመስልም ጠበቃ የሚይዘው እሷን ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ዛሬውኑ ያናግሩ፤ ከሌለ የሥራ ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት። አይዘግዩ፤ አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ 180 ቀን ነው፣ በአንዳንድ ግዛቶች 300።

አንድ ደብተር ይግዙ። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ ማን እንደነበረ ይጻፉ። ቃሉን አያሳምሩት፣ ቁጣዎንም አይጨምሩበት። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፎቶ አንስተው ካልሆነ፣ አሁንም ተለጥፎ ካለ ያንሱት። ከ30 ያልበለጠ ማለቱ ምስክር አያስፈልገውም። የሺፍት ሰሌዳውንም በየሳምንቱ ይገልብጡ፤ ከስድስት ወደ ሦስት የወረደበትን መንገድ የሚያሳየው እሱ ነው። የድርጅቱን የሂሳብ ሰነድ ግን ቤትዎ እንዳይወስዱ። አሜሪካ ውስጥ ለ30 ዓመት ያህል የሠራች የ62 ዓመት ጸሐፊ በዕድሜዬ አባረሩኝ ብላ ከስሳ ነበር። ቀደም ሲል ምስጢራዊ ሰነድ ኮፒ አድርጋ መውሰዷ በክሱ መሐል ወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ክሷን አልዘጋባትም፤ ወደ ሥራዋ የመመለስን ነገር ግን አጣች።

ያቺን ልጅ በምስክርነት ከመጥራትዎ በፊት ፈቃዷን ይጠይቁ። የነገረችዎት እርስዎን አምና ነው፣ እንጀራዋም እዚያው ነው።

ፀጉርዎን መቀባት ደስ ካሰኘዎት ይቀቡ፤ የራስዎ ፀጉር ነው። 48 ብለው ግን አይጻፉ። ሲታወቅ በሕጋዊ ምክንያት ሊያሰናብቱዎት ይችላሉ፤ የያዙት እውነት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ዕድሜ ካልተጠየቁ አይጥቀሱ፤ ከተጠየቁ እውነቱን ይናገሩ። 19 ዓመቱን በአንድ መስመር ከመጻፍ ይልቅ የያዙትን ይዘርዝሩ። ቁልፍ ይዘዋል፣ ካሸርና ዕቃ ክፍል ሠርተዋል፣ አዲስ ሠራተኛ አሠልጥነዋል፣ በስምዎ የሚጠይቅ ደንበኛ አለዎት።

ለሥራ አስኪያጁ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ላይ ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርምልዎ። እንዲህ ቢሉስ፦

«የሥራ ቀኔ ከስድስት ወደ ሦስት ዝቅ ብሏል። እረፍት አልጠየቅኩም። የተቀነሰበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ፣ በቀጣዩ ሰሌዳ ላይ ከቅዳሜና እሁድ ሺፍት ድርሻዬ እንዲሰጠኝ፣ የክፍያ ሲስተሙንም እንደ ሌሎቹ ሠራተኞች እንድሠለጥን በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ሌላ ነገር አይጨምሩበት። ልጅዎም ታንብበው፤ «ተዪው» ያለችው እናቷ ስታለቅስ ማየት ስላልቻለች ነው። የሚቀጥለው ሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ይድረስ። ምን እንደመለሰ ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።