ሦስት ክረምት ተከልን፣ ኮረብታው ግን አሁንም ራቁቱን ነው

ጥያቄ፦ ደቡብ ጎንደር ውስጥ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ድሮ ደን የነበረ፣ አሁን ቁጥቋጦና ድንጋይ ብቻ የቀረበት ኮረብታ አለ። ከተማሪዎቼና ከሰፈሩ ሰው ጋር ሦስት ክረምት በተከታታይ ተከልን። በየዓመቱ ቁጥቋጦውን መንጥረን፣ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ከችግኝ ጣቢያ ያመጣነውን ወይራና ጥድ ነው የተከልነው። ጥር ላይ ስንሄድ ከመቶው አስሩ እንኳ የለም። ፍየል የበላው አለ፣ ፀሐይ ያደረቀው አለ። አሁን ሰዉ “የመንግሥት ዛፍ ነው” እያለ ከብቱን ይለቅበታል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ከደረቀው ችግኝ በላይ ያሳሰበኝ “የመንግሥት ዛፍ ነው” የምትለዋ ቃል ናት። እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ግን በግልጽ ልንገርህ፣ ቁጥቋጦው መመንጠር አልነበረበትም።

ወይራ ሰው ሳይተክለው እንዴት እንደሚበቅል አስበው። ፍሬውን ወፍ ትበላለች። ከዚያ በራ ደደሆ የሚባለው ቁጥቋጦ ላይ ታርፋለች፣ ዘሩንም እዚያው ትጥለዋለች። ከደደሆው ስር ጥላ አለ። የረገፈ ቅጠል አፈሩን ሸፍኖታል፣ እርጥበቱ ቶሎ አይሄድም። ደደሆን ደግሞ ከብት እምብዛም አይወደውም፣ ስለዚህ ከስሩ ያለችው ቡቃያ ከፍየል አፍ ትሰወራለች። ትግራይ ውስጥ ከከብት በተከለሉ ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ነው ያሳዩት፤ የወይራ ቡቃያ በብዛት የሚገኘው ገላጣው ላይ ሳይሆን ቁጥቋጦ ስር ነው። እናንተ ሞግዚቷን ነቅላችሁ ልጅቷን ፀሐይ ላይ አስቀመጣችኋት ማለት ነው። ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም፣ ሁላችንም “ቦታ ማጽዳት” ተብለን ነው የተማርነው።

ስለዚህ ተማሪዎችህን ይዘህ ውጣ፣ ዶማ ግን አትያዙ። በቀረው ቁጥቋጦ ስር ተንበርከኩና የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ ፈልጉ። ቅጠሏ ቀጭን፣ ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ስትገለብጡት ወርቃማ ቡናማ የሆነ ቡቃያ ካገኛችሁ ወይራ ናት። ዙሪያዋን ድንጋይ ክበቡላትና ቁጠሯት። ከቆጠራችሁ በኋላ ነው ስንት ችግኝ እንደሚያስፈልጋችሁ የምታውቁት። ለጎደለው ብቻ ተክሉ፣ እሱንም ከቁጥቋጦ ጥላ ስር።

ጉቶም ፈልጉ። ሥሩ ያልሞተ ጉቶ በየክረምቱ ያቆጠቁጣል፣ በየበጋው ፍየል ይቀረጥፈዋል፣ እኛም ቁጥቋጦ ይመስለናል። ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን ሁለት ሦስቱን አስቀርታችሁ ሌላውን ግረዙ። ሥሩ አስቀድሞ መሬት ውስጥ ስለገባ ከችግኝ ይልቅ ቶሎ ያድጋል። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እንደገና ደን የለበሰው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ሥራው በ1998 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ። ገበሬው በሰባት ማኅበራት ተደራጀ፣ በደኑ የመጠቀም መብቱ በወረቀት ተሰጠው፣ ተራራውን ከልሎ ጉቶውን እየገረዘ አሳደገ። በኋላም ደኑ ከአየር ለሚስበው ካርቦን የተከፈለ ገንዘብ ለማኅበራቱ ገባ።

ከሁሉ በላይ ያቺን ወረቀት ልብ በልልኝ። “የመንግሥት ዛፍ” የሚባለው ከኮረብታው ማን ምን እንደሚያገኝ ሳይነገር ሲቀር ነው። ሰዉ ለሦስት ዓመት ጉልበቱን ሰጠ፣ የግጦሽ ቦታውንም አጣ፣ በምትኩ ምን አገኘ?

መንዝ ውስጥ ጓሳን ታውቀዋለህ? ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። ቦታው ለዓመታት ይዘጋ ነበር። የጓሳ ሳሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ሰዉ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭድ ነበር፣ ሐምሌ አቦ ሲደርስ ሁሉም ይወጣ ነበር። ሕዝቡ የሚመርጠው አባ ቀራ ደንቡን ያስከብር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። የራሱ የነበረው ሳር የማንም ሲሆን ሽሚያ ተጀመረ፣ ኋላም የአካባቢው ሰው እንደገና ተሰባስቦ የራሱን የጥበቃ ምክር ቤት አቋቋመ። እዚያ ሰዉ ጓሳውን የሚጠብቀው ሳሩ የቤቱ ክዳን ስለሆነ ነው።

ለእናንተም ሳሩ ነው መፍትሔው። ከብት ካልገባበት የመጀመሪያው ክረምት ሲወጣ ችግኝ ባይታይ እንኳ ሳር ይኖራል። ከመትከላችሁ በፊት ሽማግሌዎቹን፣ ቄሱን፣ የእድሩን ዳኛና የልማት ሠራተኛውን ይዘህ ተቀመጥ። ሳሩን ማን ያጭዳል? በዕጣ ነው ወይስ በተራ? መሬት የሌላቸው ወጣቶችና በሬ የሌላቸው ሴቶች ድርሻቸው ስንት ነው? ከብቱን የለቀቀ ስንት ይቀጣል፣ ቅጣቱስ የት ይገባል? ይህ በደንብ ተጽፎ ሁሉም ይፈርምበት፣ ቀበሌውም ይወቀው። እረኛ ልጆቹንም ስብሰባው ላይ አስቀምጧቸው። እኔም እረኛ ነበርኩ፣ እና አንድ ኮረብታ ተዘጋ ሲባል ለእረኛው ምን ማለት እንደሆነ ከእግሬ አውቀዋለሁ፤ ከብቱን ይዞ ሩቅ መሄድ ነው፣ አዋቂዎቹ ተስማምተው ሲበተኑ እሱን ማንም አይጠይቀውም። መተላለፊያ መንገድና የውሃ መውረጃ ካልተተወለት በሌሊትም ቢሆን ያስገባል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከጓደኞቼ ጋር ለተወለድኩባት ደብር 5,000 ችግኝ የሚገዛ ገንዘብ አሰባስበናል። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ከልጅነቴ ጋር ሲነጻጸር በጣም ሳስቷል። ችግኙን ከየት ብንገዛ ጥሩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን ችግኙን ለጊዜው ተይው። ገንዘቡን ለካብ አውሉት።

ትልልቆቹ ዛፎች ዛሬም ዘር ይጥላሉ። የሚጠፋው ቡቃያው ነው፣ ከብት ገብቶ ይረግጠዋል፣ ይበላዋል። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ደቡብ ጎንደር በሚገኙ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ቦታ አጥሮ ሲያጠና፣ ከብት ባልገባበት በኩል የሚበቅለውም የሚተርፈውም ቡቃያ በልጦ ተገኝቷል። ከዚያ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው ብዙ ደብሮች ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ ረድተዋል። ድንጋዩን የሚያመጣው ገበሬው ነው፣ ከማሳው እየለቀመ። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል። ስሚንቶ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤውን ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ካቡ ከዛፎቹ ጫፍ ትንሽ ወጣ ብሎ መሠራት ይችላል ወይ? ያኔ ደኑ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል። በሩን ማን ይዘጋል? በሩ ክፍት ከሆነ ካቡ ምንም አያደርግም። ሦስተኛው፣ ቅጥሩ ውስጥ ለገቢ ተብሎ ባሕር ዛፍ እየተተከለ ነው ወይ? ከሆነ በየዋህነት አነጋግሯቸው፣ ደብሩ ለጧፍና ለዕጣን እንኳ የሚቸገርበት ጊዜ ስላለ በቁጣ የሚሆን ነገር አይደለም። ካቡ አልቆ ገንዘብ ከተረፈ የሰንበት ተማሪዎቹ ከራሱ ከደኑ ዘር ለቅመው ችግኝ ያፍሉ፣ ለድካማቸውም ይከፈላቸው።

ጥያቄ፦ ጎጃም የምኖር አርሶ አደር ነኝ፣ ዕድሜዬ 68 ነው። ባሕር ዛፉ ምንጫችንን አደረቀው። ልጆቼ ሁሉንም ነቅለን አገር በቀል እንትከል ይላሉ። ልስማቸው?

መልስ፦ አባቴ፣ ግማሹን ይስሟቸው። ከምንጩ ዙሪያና ከማሳው ዳር ያለው ይነሳ፣ ራቅ ያለው ይቆይ። ለቤት ማገርና ለማገዶ ባሕር ዛፍ ከሌለ መጥረቢያው ወደ ወይራው መዞሩ አይቀርም። የተቆረጠው መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፣ ስለዚህ ቀንበጡን በየጊዜው መስበር ለልጆቹ ይሰጥ። ምንጩ አጠገብ ሾላና ዶቅማ ቢተክሉ ውሃ ዳር የለመዱ ዛፎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እያንዳንዱን በእሾህ ይከልሉት። ከብቱ ከምንጩ ላይ ቆሞ እንዳይጠጣም ውሃውን በቦይ ዝቅ ወዳለ ገንዳ ያውርዱለት።