ጽሑፉ በዛ፣ ጠባቂው ግን ጠፋ

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያለን መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ ከብት ጤና የምናውቀውን በበጎ ፈቃድ በአንድ የኢንተርኔት ማኅደር ስናሰባስብ ቆይተናል። ጽሑፉ በዝቷል፤ ይሁን እንጂ ሰዎች እዚያው ያለውን ነገር ሳይቀር እየደወሉ ይጠይቁናል፣ አሮጌውንም የሚያርም ጠፍቷል። ተጨማሪ ጸሐፊ እንመልምል ወይስ ሌላ መላ አለ?
አስተባባሪው፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ የጸሐፊ እጥረት ያለባችሁ አይመስለኝም። ጸሐፊ በጨመራችሁ ቁጥር መጠበቅ ያለበት ገጽ ይበዛል፣ ጠባቂው ግን ያው ይሆናል። ሰው ማኅደሩን ትቶ የሚደውለው ጽሑፉን ማግኘት ስላቃተው ወይም ያገኘውን ማመን ስለከበደው ነውና፣ ለጊዜው አዲስ ገጽ መክፈቱን ገታ አድርጋችሁ ያላችሁን ብትፈትሹ ይሻላል።

የእናንተኑ ጉዳይ ልውሰድ። የጎጃም ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ፣ አሲዳማነቱን ለመቀነስ ስለሚበተነው ኖራ የተጻፈው ገጽ አንባቢ እንደማያጣ እገምታለሁ። እዚያ ላይ ለሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ይበቃል የሚል ቁጥር ብቻ ሰፍሮ ከሆነ ገጹ ያሳስታል፤ የኖራው መጠን እንደ አፈሩ ዓይነትና እንደ አሲዳማነቱ ደረጃ ስለሚለያይ፣ ለአንዱ ማሳ የተለካው ለጎረቤቱ ላይሆን ይችላል። ቁጥሩ ከየት ቦታ አፈር ምርመራ እንደተገኘና መቼ እንደተለካ አብሮ ካልተጻፈ፣ አራሚ ቢገኝ እንኳ ምኑን ይዞ ያርመዋል? ዘመኑም ይለይ፤ 2012 ብቻ ተብሎ ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በአውሮፓውያን ስለማይታወቅ፣ አንባቢው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይሳሳታል።

ከሁሉ በላይ የምመክራችሁ ግን እያንዳንዱ ገጽ ስሙ ከላይ የሰፈረ አንድ ተጠሪ እንዲኖረው ነው። በደቦ የታጨደ አዝመራም ባለቤት አለው። ተጠሪው ሁሉንም ራሱ ይጻፍ ማለቴ አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ አንብቦ፣ የተለወጠውን አስተካክሎ፣ ያየበትን ቀን ያስፍር። ቀኑም ከእርሻው ወቅት ጋር ይገጣጠም፦ ኖራ ከዘር አስቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ስላለበት፣ ገጹ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይታይ፤ በሰኔ ቢታረም ለዓመቱ ዘር አይደርስም።

ጊዜው ያለፈበትን ገጽ ለማንሳት አትፍሩ። የጻፈው ሰው ይቀየማል የሚለው ስጋት ይገባኛል፣ ነገር ግን በተሳሳተ ምክር ምርቱን የሚያጣው ገበሬ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ውክፔዲያ በማንም ሰው እየታረመ የቆየው የእያንዳንዱ ገጽ የቀድሞ ቅጂዎች ስለሚቀመጡና የተበላሸውን መመለስ ስለሚቻል ነው፤ የእናንተም ማኅደር ይህን የሚያደርግ መሆኑን አረጋግጡ።

ጽሑፉን ማግኘትን በተመለከተ፣ አንዱ "ፀረ አረም" ሌላው "ጸረ ዐረም" ብሎ ከጻፈ ፈላጊው ግማሹን ብቻ ሊያገኝ ይችላልና ለርእስ አንዱን አጻጻፍ ምረጡ፣ ሌላውም ወደዚያው ይምራ። የሚደውሉላችሁን ሰዎች ደግሞ በጥሞና ስሟቸው። ባለሙያው "የአፈር አሲዳማነት" ብሎ የጻፈውን፣ ገበሬው "መሬቴ ማዳበሪያ አልቀበል አለ" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ስልኩን የተቀበለው ሰው ያንን አባባል እንዳለ በገጹ መግቢያ ላይ ይጻፈው፤ ቀጣዩ ጠያቂ በራሱ ቃል ፈልጎ ያገኘዋል።