«እትዬ፣ ልጄ ልትወዳደር ነው»፦ ስለ ልጆች የልብስ ስፌት ውድድር ጥያቄና መልስ

በዚህ ክረምት ልጆች በልብስ ስፌት ሊወዳደሩ ነው ከተባለ ወዲህ ወላጅ ሁሉ ይጠይቀኛል። ደብረ ማርቆስ ላይ ልብስ ስሰፋ፣ ልጆችም ሳስተምር 20 ዓመት አልፎኛል። ሱቄ መጥታችሁ የጠየቃችሁኝንም፣ በስልክ የደረሰኝንም እነሆ።

«ልጄ አክርማ ነው የምትሰፋው፣ መሶብ ሠርታለች። ይኸኛው ስፌት ሌላ ነው፤ ትግባ?» (ከቢቸና)

ትግባ። ወስፌ የለመደ እጅ መርፌ አይፈራም። ትዕግሥቱንም ከመሶቡ ተምራዋለች።

«9 ዓመቷ ነው፣ ማሽን ነክታ አታውቅም። አልፈጠነም?» (ከፍኖተ ሰላም)

አልፈጠነም፣ ግን በእጅ ትጀምር። ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ መቀምቀም፣ ክር መቋጨት ትልመድ። ውድድሩ የግድ በማሽን ካላለ በእጅ የተሰፋች ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ትበቃታለች።

ማሽን ከሞከረች የእግሩ ይሻላታል። በራሷ እግር ልክ ስለሚሄድ አያስደነግጣትም፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። መዘውሩን በእጇ ወደ ራሷ እያዞረች ታስነሳው። ወደ ኋላ ከዞረ ክር ይበጥሳል።

መጀመሪያ ክር አታስገቡላት። ከደብተር አንድ ወረቀት ገንጥሉና መስመሩን ተከትላ ያለ ክር ትስፋው። ቀዳዳዎቹ መስመሩ ላይ ማረፍ ሲጀምሩ ወደ ጨርቅ ትሂድ። ለዚህ ያረጀ መርፌ ተጠቀሙ፤ ወረቀት መርፌ ያዶለዱማል።

«ወንድ ልጄ ልወዳደር አለኝ። ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ፈራሁ።» (ከቡሬ)

ገበያ ይዘኸው ውጣ። በረንዳ ላይ ማሽን ዘርግተው የሚሰፉትን አሳየው፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ይግባ ወንድሜ፣ ደስ ብሎት ይግባ።

«ምን ትስፋ? እሷ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ካልሆነ ትላለች።» (ከሞጣ)

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሚስ አይሁን። አንገትና እጅጌ ትልቁንም ሰፊ ያስቸግራል። ሽርጥ፣ የትራስ ልብስ ወይም ባለ ላስቲክ ቁምጣ ትሥራ። ጥልፉን ከወደደች ሽርጡ ላይ ኪስ ታድርግና ኪሱ ላይ ትጥለፍ።

ኪስ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በቅርቡ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ባለ ገበር ኪስ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ዙሪያውን ሰፋችና ገለበጠችው። ማዕዘኑ ላይ ትርፉ ጨርቅ ተከማችቶ እንደ ቋጠሮ ተድቦለቦለ። መልሳ ገለበጠችው። ስፌቱን ሳትነካ የማዕዘኑን ትርፍ በሰያፍ ቆረጠች፣ ጫፉ በደነዘ እርሳስ ከውስጥ ቀስ አድርጋ ገፋችው፣ ካውያ አሳረፈችበት። ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ሥራውን ትታ ጣቷን ማዕዘኑ ላይ ደጋግማ ታሳልፍ ነበር። ዝም ብዬ አየኋት።

«የትኛው ጨርቅ ይሻላል?» (ከደንበጫ)

ለልምምድ አቡጀዲ፣ ለውድድሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ። ያረጀ አንሶላም ለልምምድ ጥሩ ነው። የሚያንሸራትት ጨርቅ፣ ሳቲንም ሆነ ሲፎን፣ ለልጅ እጅ አይሆንም። ሸማም ያምራል ግን ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ከተቆረጠበት እየተተረተረ ያስለቅሳል።

ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሳይቆረጥ ይታጠብ። ደግሞ የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጨርቅ በቀላሉ አይደርቅም። ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

«ዳኞች ምን ያያሉ?» (ከዳንግላ)

ይገለብጡታል። ዳኛ ሆኜ ስቀመጥ እኔም መጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው። ስፌቱ መነሻና መድረሻው ላይ ተቋጭቷል? ከስፌቱ ውጭ የቀረው ትርፍ እኩል ነው? 1.5 ሴንቲ ሜትር ከተባለ ከላይ እስከ ታች 1.5 መሆን አለበት። ጠርዙ ተዘምዝሟል? የተንጠለጠለ ክር አለ? ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊቱ የምመለሰው።

ካውያ ላይ አትሰስቱ። ተሰፍቶ ሲያልቅ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ስፌት እንዳለቀ ይተኮስ። የከሰል ካውያ ከሆነ ግን ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቁም። አመዱ ነጭ ጨርቅ ላይ እንዳይረግፍም ተጠንቀቁ።

«ሲያቅተው ባየሁ ጊዜ አንጀቴ አይችልም። ትንሽ ብሰፋለት ምናለ?» (ከደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ የቁምጣውን ጠርዝ አጣሞ ሰፍቶ ተኛ። አዘንኩና ማታውን ፈትቼ ቀጥ አድርጌ ሰፋሁለት። በማግስቱ ዳኛዋ «ይሄን እንዴት አድርገህ ቀመቀምከው?» አለችው። መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሌላውን ሁሉ እሱ ነው የሰፋው፣ ግን ስለዚያም መናገር አቃተው። የወሰድኩበት ጠርዙን ብቻ አልነበረም።

ማሽኑን አስተካክዪለት፣ የውድድሩን ደንብ አብራችሁ አንብቡ፣ ካውያው ጋ ቁሚለት። ስፌቱ ከጠመመ «እዚህ ጋ ምን ይታይሃል?» በዪው። አይቶ ልፍታው ካለ ይፍታው፤ ይሁን ካለም ይሁን።

«ማሽናችን ክር ይበጥሳል።» (ከመራዊ)

የላይኛውን ክር አውጥታችሁ፣ ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር አንስታችሁ እንደገና አስገቡ። ካልሆነ መርፌውን ቀይሩ። አዲሱን ስታስገቡ ጠፍጣፋው ጎን በትክክል መዞሩን እዩ።

«በዕለቱ ምን ይዛ ትሂድ?» (ከደጀን)

ትርፍ መርፌ፣ የጨርቁ ቀለም ያለው ክር፣ ሜትር፣ ስፒል፣ ወረቀት ቆርጦ የማያውቅ መቀስ። ምሳዋን አትርሱ፤ የራባት ልጅ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅታታል።

«እኔ 12 ዓመቴ ነው። ምልክት የማደርገው በሳሙና ነው፤ ጨርቄ ግን ነጭ ስለሆነ አይታየኝም። ምን ላድርግ?» (ከሞጣ)

ጎበዝ ልጄ። ነጭ ላይ ሳሙና አይታይም፣ ትክክል ነሽ። በተቀረጸ እርሳስ፣ ሳትጫኚ፣ በጨርቁ ውስጥ በኩል አስምሪ። በሙሉ መስመር ፈንታ ነጥብ ነጥብ እያደረግሽ ከሄድሽ ደግሞ ልብሱ ሲያልቅ ምልክቱ ጎልቶ አይታይም። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሪና እጠቢው፣ ከለቀቀ ቀጥዪ።