በሦስቱም ድንጋዮች ላይ እኩል የተጨመረ መዳብ

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የመጡ ሦስት የማመሳከሪያ ድንጋይ ዱቄቶችን፣ ከእያንዳንዳቸው ግማሽ ግራም ወስደው በሃይድሮፍሎሪክና በፐርክሎሪክ አሲድ ካሟሙ በኋላ ወደ 50 ሚሊ ሊትር አድርሰው መዳባቸውን በፍሌም አቶሚክ አብዞርፕሽን (መፍትሔው በነበልባል ውስጥ ሲረጭ የሚውጠውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) ሲለኩ፣ የኮሎምቢያ ወንዙ ባዛልት ቢሲአር-2 26 ፒፒኤም (በአንድ ግራም ድንጋይ 26 ማይክሮ ግራም)፣ የኦሪገኑ አንዴሳይት ኤጂቪ-2 60፣ የሐዋዩ ባዛልት ቢኤችቪኦ-2 ደግሞ 134 ይሰጥዎታል። የምስክር ወረቀቶቹ በቅደም ተከተል 19፣ 53 እና 127 ይላሉ። ማንጋኒዙ ልክ ነው፤ ዚንኩ ጥቂት ከፍ ብሏል፤ ያንኑ ዱቄት የተካፈለው ሌላ ላብራቶሪ የወረቀቱን ቁጥር አግኝቷል። በደብዳቤዎ መጨረሻ እግረ መንገድዎን፣ የዲስቲለሩ (ውኃ አፍልቶ የሚያጣራው ዕቃ) ማጠራቀሚያ የፕላስቲክ ቧንቧ ተሰብሮ የጥገና ሠራተኛ በሌላ እንደተካው ጠቅሰዋል።

እኔ መዳብና ዚንክ አብረው ከፍ ሲሉ ካየሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው ናስን፣ ማለትም የመዳብና የዚንክ ቅይጥን ነው። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ በርካሽ የሚገዛው የሚያብለጨልጭ ቧንቧ ላዩ ክሮም ቢቀባም ውስጡ ብዙውን ጊዜ ናስ ነው፤ ሌሊቱን ያደረበት ንጹሕ ውኃም ከብረቱ መዳብ ይወስዳል። እንደጻፉልኝ ብላንኩን (ድንጋይ የሌለበትን ማወዳደሪያ) እና ስታንዳርዶቹን (የመዳባቸው መጠን የታወቀ መፍትሔዎችን) ከታሸገው ውኃ፣ ናሙናዎቹን ግን ከዚህ ቧንቧ እየሞሉ ስለሆነ፣ ብላንክዎ ዜሮ ማሳየቱ ምንም አያረጋግጥም።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ዓይነት ስሕተት መለየት ያስፈልጋል፤ ይህንን ሁልጊዜ ሰፋ አድርጌ የማስረዳው ብዙ ባለሙያ ስለሚስተው ነው። ስፕሪንጉ የደከመ ሚዛን ያለው ባለ ሱቅ ሩብ ኪሎም ይግዙ አምስት ኪሎ፣ የሚያጎድልብዎ በመቶኛ እኩል ነው። ከሳህኑ ሥር ብረት የለጠፈው ባለ ሱቅ ግን በእያንዳንዱ ምዘና የሚወስድብዎ ያንኑ የብረቱን ክብደት ስለሆነ፣ በጣም የሚጎዳው ሩብ ኪሎ የሚገዛውን ድሃ ነው። የእርስዎ ውጤት የሁለተኛው ባለ ሱቅ ነው፤ በሦስቱም ላይ የተጨመረው 7 ፒፒኤም ነው፤ በግማሽ ግራም ውስጥ 3.5 ማይክሮ ግራም መዳብ ማለት ነው፤ በ50 ሚሊ ሊትር ሲበተን 0.07 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ስታንዳርዱ ተበላሽቶ ወይም ፍላስኩ በስሕተት ተመርጦ ቢሆን ኖሮ የሐዋዩ ድንጋይ ከቢሲአር-2 ስድስት እጥፍ በላይ ይዛነፍ ነበር። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሠራተኛ ውጤቱን ሁሉ በ0.95 እያባዛ «አስተካክሎታል» ብለዋል፤ የሐዋዩን በእርግጥ ወደ 127 አወረደለት፣ ቢሲአር-2ን ግን 25 ገደማ ላይ ተወው። ያንን ማባዣ ዛሬውኑ ያጥፉት።

ፍተሻው ቀላል ነው። ጠዋት ማንም ሳይነካው ከቧንቧው የመጀመሪያውን ግማሽ ሊትር በታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቅዱ፤ አሥር ሊትር ያህል ካፈሰሱ በኋላ ሌላ ግማሽ ሊትር፣ ከታሸገውም እንዲሁ ይውሰዱ። ሦስቱንም በጥቂት ንጹሕ ናይትሪክ አሲድ አሲዳማ አድርገው ወደ 50 ሚሊ ሊትር አትንነው መዳብ በሚውጠው የብርሃን ሞገድ፣ በ324.7 ናኖሜትር ያንብቡ። ጎን ለጎንም ቢሲአር-2ን በ0.25፣ በ0.5 እና በ1 ግራም፣ የአሲዱና የውኃው መጠን ሳይለወጥ አሟሙተው፣ የተገኘውን ማይክሮ ግራም ከግራሙ አንጻር በመስመር ያስቀምጡ።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሲነኩ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በእጅዎ አጠገብ ይኑር እንጂ በቢሮ መሳቢያ ተቆልፎ አይቀመጥ። ይህ አሲድ ቆዳን ሲያቃጥል ወዲያው ላያምም ይችላል፤ ሕመሙ ሲጀምር ውስጥ ገብቷል። ብቻዎን ሆነው አይሥሩበት።

ላብራቶሪዎች አንድ ዱቄት ተካፍለው መለያየታቸው በእርስዎ አልተጀመረም፤ በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው የጂ-1 ግራናይትና የደብልዩ-1 ዲያቤዝ የጋራ ጥናት፣ በእጃቸው የሚተማመኑ ተንታኞች በአንድ ድንጋይ ላይ ምን ያህል እንደሚራራቁ አሳይቶ ብዙዎችን አስደንግጧል።

ናሱ ከተረጋገጠ ቧንቧውን በፖሊፕሮፒሊን ይተኩ፤ ማጠራቀሚያውንም በቀጭን ናይትሪክ አሲድ ይጠቡ። ከእንግዲህ ብላንክ የሚባለው፣ ድንጋዩ ብቻ ሲቀር በዚያው ዕቃ፣ በዚያው አሲድ፣ በዚያው ሆት ፕሌት ላይ ደርቆ በዚያው ውኃ የተሞላ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ይሥሩ። በድጋሚ፦ ጓንቱን ሳይለብሱ፣ ጄሉን ሳያቀርቡ የአሲዱን ጠርሙስ አይክፈቱ።

የክብደቱ መስመር፣ ድንጋዩ ዜሮ ግራም በሚሆንበት ቦታ፣ ከ3.5 ማይክሮ ግራም አካባቢ ተነሥቶ ውኃው ግን ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ በርካሽ የተገዛው የቴክኒካል ደረጃ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። መስመሩ ከዜሮ ተነሥቶ ሽቅብነቱ በግራም 26 ማይክሮ ግራም ሆኖ ከቀረ ደግሞ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።