የምግብ ጭማሪን በእህል ግብዓት ስለመተካት፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ በምግብ ማቀነባበር ሥራ የተሰማራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከውጭ የሚገቡ የምግብ ጭማሪዎችን በእህል ለመተካት መነሣታችሁ አስደስቶኛል። እስከ ማምሻው ድረስ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ግን ልትተኩት የፈለጋችሁት ጭማሪ በምርታችሁ ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ የእህላችሁም እርጥበት ስንት እንደሆነ አብራችሁ ግለጹልኝ።

ካቻፕ አምራች፣ ፈረንጅ አራዳ፦ መምህር፣ እንደምን ዋሉ? ካቻፔን የማወፍረው የምግብ ጭማሪ ቁጥሩ 1442 በሆነ ከውጭ የሚመጣ ስታርች ነበር። በበቆሎ ስታርች ስተካው መጀመሪያ ያማረ ይሆንና በሳምንቱ ውኃው ከላይ ይንሳፈፋል። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህቴ። ጥፋቱ የእርስዎ ሳይሆን የስታርቹ ጠባይ ነው። 1442 ሰንሰለቶቹ በኬሚካል እርስ በርሳቸው የተያያዙ በመሆናቸው የቲማቲሙን አሲድም ሆነ ረዥም ማማሰልን ይቋቋማል፤ ሲቀዘቅዝም ውኃውን አይለቅም። ተራው የበቆሎ ስታርች ግን ሩብ ያህሉ አሚሎስ የሚባለው ቀጥ ያለ የስታርች ሰንሰለት ነው፤ አሚሎስ ደግሞ በስሎ ሲቀዘቅዝ እየተጠጋጋ ስለሚጠነክር ያቀፈውን ውኃ ይተፋል።

እናቶቻችን ስታርችን አስቀድሞ ማብሰል ምን እንደሚጠቅም ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። ከቦካው የጤፍ ሊጥ ጥቂት ቀንሰው በፈላ ውኃ እያማሰሉ አብሲት ሲጥሉና ወደ ሊጡ ሲመልሱት፣ የበሰለው ስታርች ውኃንና አየርን ይይዛል፤ የእንጀራው ዓይንና ልስላሴ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ፋብሪካዎች በውድ ዋጋ የሚሸጡልን “በቀዝቃዛ ውኃ የሚወፍር ዱቄት” መሠረቱ ይኸው አብሲት ነው ብዬ ሁልጊዜ የምከራከረው ስለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በደንብ የተነፋ የጤፍ ዱቄት አንድ እጅ በስምንት እጅ ውኃ በጥብጠው፣ እሳት ላይ ሳያቋርጡ ያማስሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ለጤፍ ስታርች ይበቃል። የጥሬ ዱቄቱ ሽታ ጠፍቶ ገጹ ማብረቅ ሲጀምር ያውርዱትና በንጹሕ ትሪ ላይ እንደ ጥፍር አሳስተው ያፍሱት፤ በደንብ ደርቆ ሲሰበር ድምፅ ሲሰጥ ይፍጩትና ይንፉት። ነገር ግን ይህ ዱቄት 1442ን ሙሉ በሙሉ ይተካል አልልም፣ ምክንያቱም አሲድ ውስጥ ሲቆይ ይቀጥናል። ስለዚህ ቲማቲሙን አስቀድመው አብስለው ይጨርሱ፣ ዱቄቱን ወደ መጨረሻው ይጨምሩ፣ ኮምጣጤውን ደግሞ ከሁሉም በኋላ። ከዱቄቱ ሩብ ያህሉን በእንፋሎት የታጠነ የአጃ ዱቄት አድርገው ይሞክሩት፤ በአጃ ውስጥ ያለው ቤታ-ግሉካን የተባለው አሰር ውኃን አጥብቆ ይይዛል። ጤፉንም አጃውንም ግን እርጥበቱን ሳይለኩ አይግዙ።

አዲስ አባል፦ ለሁሉም ምርት የሚሆን ከኬሚካል ነፃ የሆነ ዱቄት የትኛው ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ዱቄት የለም። ምርትዎን፣ ጭማሪውንና ሥራውን ይግለጹልኝ።

ዳቦ ጋጋሪ፣ ሂርማታ፦ በክረምት ዳቦዬ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። አሁን የምጠቀመው የሻጋታ መከላከያ ካልሲየም ፕሮፒዮኔት፣ ማለትም ጭማሪ ቁጥር 282 ነው። እርሾ ሊተካው ይችላል?

መልስ፦ በከፊል ይችላል። ከዱቄትዎ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ቀድመው አቡክተው ከሊጡ ጋር ቢቀላቅሉ፣ በእርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ላክቲክና አሴቲክ አሲድ ያመነጫሉ፤ ሻጋታን ይበልጥ የሚያዘገየው አሴቲኩ ነው። ይሁን እንጂ እንጀራችን ያን ያህል ኮምጣጣ ሆኖ ሳለ ሞሰብ ውስጥ በሦስትና በአራት ቀን እንደሚሻግት አይርሱ፤ እርጥበት ካለ አሲድ ብቻውን አይበቃም። ዳቦው እስከ ውስጡ ሳይቀዘቅዝ ላስቲክ ውስጥ አይክተቱት፤ በክረምት ከሚበላሸው ዳቦ ብዙው የሚበላሸው በዚህ ነው። በውጭ አገር ደግሞ የስንዴ ዱቄትን ፕሮፒዮኒክ አሲድ በሚያመነጩ ባክቴሪያዎች አቡክተውና አድርቀው “የቦካ የስንዴ ዱቄት” በሚል ስም ይሸጣሉ።

ባለ ሱቅ፣ መርካቶ ሰፈር፦ ይቅርታ መምህር፣ ዱቄቱ የሚሠራው በዚያው በፕሮፒዮኒክ አሲድ ከሆነ ስሙን ቀይሮ መሸጥ ሸማቹን ማታለል አይደለም?

ዳቦ ጋጋሪ፣ ሂርማታ፦ ወንድሜ፣ እንደዚያ ካልን ኮምጣጤም አሴቲክ አሲድ ነውና ኮምጣጤ ብለን መሸጥ ልንተው ነው።

ባለ ሱቅ፣ መርካቶ ሰፈር፦ ኮምጣጤን ሰው አውቆት ይገዛዋል። ይህን ግን “መከላከያ የለበትም” ተብሎ ነው የሚገዛው።

መልስ፦ ሁለታችሁም የነካችሁት እውነት አለ፤ እኔ ግን ከባለ ሱቁ ጋር ነኝ። “ክሊን ሌብል”፣ ማለትም የኬሚካል ስም የማይታይበት መለያ የሚባለው ነገር፣ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ሕግ ትርጉም የተሰጠው ቃል አይደለም፤ የገበያ ቃል ነው። የቦካ ዱቄት የተጨመረው ሻጋታን ለመከላከል ከሆነ “መከላከያ የለበትም” ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ዱቄቱን በስሙ ጻፉት፣ ለምን እንደተጨመረም ግለጹ።

ሌላ አባል፦ የምግብ ቀለምስ በምን ይተካል?

መልስ፦ ቀለም የእኔ ሙያ ስላልሆነ የሚያውቀውን ይጠይቁ።

የአጥሚት ዱቄት አዘጋጅ፣ ሰርቦ፦ ለልጆች የማዘጋጀው አጥሚት በጣም ስለሚወፍር እናቶች በውኃ ያቀጥኑታል። ማልቶዴክስትሪን የሚባለውን ከተቆራረጠ ስታርች የሚሠራ ዱቄት እንድገዛ ተመክሬያለሁ።

መልስ፦ አይግዙ፤ ብቅል አለልዎ። የገብስ ብቅል ዱቄት ጥቂቱ የወፈረውን አጥሚት በደቂቃዎች ውስጥ ያቀጥነዋል፣ ምክንያቱም በብቅሉ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ስታርቹን ይቆራርጠዋል። ስለዚህ እናትየዋ ውኃ ሳትጨምር፣ ልጁ በአንድ ኩባያ የበለጠ እህል ይጠጣል። ከእሳት አውርደው ትንሽ በረድ ሲል ይጨምሩት፤ ሲፈላ ኢንዛይሙ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ግን አጥሚቱን መልሰው አንድ ጊዜ ያፍሉት፣ የሚጠጣው ሕፃን ነውና። የማሽላ ብቅል ከሆነ ቡቃያውንና ሥሩን ሙሉ በሙሉ አራግፈው ይጣሉ፤ የማሽላ ቡቃያ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለበት። ብቅል የሚበቅለው በእርጥበት ነው፣ ሻጋታም እንዲሁ፤ የሻገተ ፍሬ ካዩ መልቀም አይበቃም፣ ሙሉውን ይድፉት።

ብስኩት አምራች፦ የአጃ ዱቄቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ መረረ።

መልስ፦ አጃው ሳይታጠን ተፈጭቷል። በአጃ ውስጥ ያለው ሊፔዝ የተባለው ኢንዛይም ቅባቱን ይሰብረዋል። አስቀድመው በእንፋሎት ይጠኑት፣ ከዚያ ያድርቁት።

አዲስ አባል፦ ከኬሚካል ነፃ የሆነው ዱቄት የት ነው የሚሸጠው?

መልስ፦ ቀደም ሲል መልሼልዎታለሁ። ምርትዎን ሳይነግሩኝ ዱቄት ብጠቁምዎ ገንዘብዎን አስባክናለሁ።

ሌላ አባል፦ ፈቃድ ያስፈልገናል?

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ያንብቡና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

ካቻፕ አምራች፣ ፈረንጅ አራዳ፦ መምህር፣ እርጥበት ለኩ ይሉናል፤ መለኪያ መሣሪያ የሌለን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከሁሉም በፊት መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው። የጅማ ዝናብ ረዥም ስለሆነ በቆሏችን ሳይደርቅ ወደ ጎተራ ይገባል። አፍላቶክሲን የሚያመነጨው ሻጋታ አንዴ ከያዘው ደግሞ መርዙ በተለመደው ማብሰል አይጠፋም፤ የሻገተ በቆሎ አብሲትም ቢሆን መርዝ ነው። በቆሎ ለማከማቸት እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። መሣሪያ ከሌለ፣ በደንብ የደረቀ የመስታወት ጠርሙስ ወስደው ሲሶውን በበቆሎ ይሙሉት፤ በምጣድ አድርቀው ያቀዘቀዙትን ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይጨምሩና ከድነው አንድ ደቂቃ ይነቅንቁት። ሩብ ሰዓት አስቀምጠው ይመልከቱ፤ ጨው በመስታወቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ አይግዙት። ካልተለጠፈ ከ15 በታች መሆኑን ብቻ አወቁ ማለት ነውና፣ ገዝተው ከመፍጨትዎ በፊት ፀሐይ ላይ አስጥተው ጨምረው ያድርቁት።